ከጓዳ የተነሣ መንደር

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደውን መንገድ ይዞ ወረታ የደረሰ መንገደኛ፣ ወደ ደብረ ታቦር ታጥፎ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ፣ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብላ የተቀመጠች አንዲት መንደር ያገኛል። አውራምባ ትባላለች። ቤቶቿ እንደ ፎገራ ገበሬ ቤት ሁሉ የጭቃ ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የላትም፤ መስጊድም የላትም። ስለዚች መንደር የጻፉ የውጭ አገር ሰዎች ምን ብለው እንደሚጠሯት ሲቸግራቸው የሚያነሡት አንድ የታወቀ ቃል አለ። «የኢትዮጵያ ኪቡትዝ» ይሏታል። የኛም ጸሐፊዎች ቃሉን ሳያላምጡ ተቀብለው ሲያስተጋቡ ሰንብተዋል።

ለመሆኑ ስሙ ይስማማታል? ለጥያቄው መልስ ለመስጠት መጀመሪያ ኪቡትዝ የተባለው ነገር ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ ማየት ያስፈልጋል። ሰዎች ንብረታቸውን አንድ አድርገው ለመኖር ሲነሡ ሁሉም ከአንድ ቦታ አይነሡምና፤ የተነሡበት ቦታ ደግሞ የኋላ ዕጣቸውን ሲወስን ይታያል።

የመጀመሪያው ኪቡትዝ ደጋንያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 አሥር ወንዶችና ሁለት ሴቶች በገሊላ ባሕር ደቡባዊ ጫፍ የመሠረቱት ነው። አብዛኞቹ ከሩሲያ ግዛት የመጡ ወጣቶች ነበሩ። መሬቱ የማኅበር፣ ከብቱ የማኅበር፣ ማዕዱ የማኅበር፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ እንደ ዐቅሙ ይሠራል፣ እንደሚያስፈልገው ይሰጠዋል። ይህ እንግዲህ በወረቀት ላይ የሰፈረው ነው። ከሁለቱ ሴቶች አንዷ ሚርያም ባራትዝ ትባላለች። ሴቶቹ ወደ ማድ ቤትና ወደ ልብስ አጠባ ሲመደቡ እሷ ላሞቹን ካላለብኩ አለች። ወንዶቹ ግን ይህ የሴት ሥራ አይደለም አሏት። ሚርያም ወደ ጎረቤት የዐረብ መንደር ሄዳ ከዐረብ ሴቶች አስተማሪነት ላም ማለብ ተማረች፤ ተመልሳ መጥታም የከብቶቹን በረት ተረከበች። በኋላ የማኅበሩን የመጀመሪያ ልጅ የወለደችው እሷ ናት። ያን ጊዜ «ልጁን ማን ይጠብቀው?» የሚለው ጥያቄ ተነሣ። እኩልነትን ላወጁት ለእነዚያ ወጣቶች ለካ ይህ ጥያቄ አልተመለሰም ነበር።

ኪቡትዞች ለጥያቄው የሰጡት መልስ የልጆች ቤት ነው። ልጆች ከእናትና ከአባታቸው ተለይተው በጋራ ቤት ያድጋሉ፣ ያድራሉም። ወላጅ ከሥራ መልስ ጥቂት ሰዓት ልጁን ያይና ይሰናበተዋል። የታሰበው ሴቲቱ ነፃ ወጥታ እንደ ወንዱ በእርሻው ላይ እንድትሰማራ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በልጆቹ ቤት የሚያገለግሉት ሴቶች ሆኑ። በጋራው ማድ ቤት፣ በጋራው ልብስ ማጠቢያም ሴቶች ሆኑ። አንዲት ሴት ለአንድ ባል ታበስል የነበረው ቀርቶ ለመቶ ሰው አበሰለች። ጓዳው አልጠፋም፤ ሰፋ እንጂ። የልጆቹ የጋራ መኝታም ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ በእነዚያው እናቶች ግፊት እየቀረ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ጨርሶ ጠፋ።

ኪቡትዞቹን ከጓዳው ይልቅ የቀረጻቸው ድንበሩ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1939 ፍልስጥኤማውያን ዐረቦች በእንግሊዝ አገዛዝና በአይሁድ ሠፈራ ላይ ባመፁበት ዘመን «ግንብና ማማ» የተባለ የአሠፋፈር ስልት ተፈለሰፈ። በጭነት መኪና የመጡ ሰዎች በአንድ ቀን የእንጨት አጥርና የመጠበቂያ ማማ ይተክላሉ፤ ሲነጋ በማግስቱ መንደር ሆኖ ይገኛል። በሊባኖስ ወሰን ላይ ያለው ሐኒታ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 እንዲህ የተተከለ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ 50 የሚያህሉ መንደሮች በዚህ ስልት ቆሙ። ቦታቸው የሚመረጠው አፈሩ ታይቶ ብቻ አልነበረም። ወደፊት የሚሠመረው ድንበር በየት በኩል ይለፍ የሚለው ታስቦ ነበር። አንዳንዱ መሬት ቤይሩትና ደማስቆ ከተቀመጡ ባለርስቶች በገንዘብ የተገዛ ሲሆን፣ መሬቱን ሲያርስ የኖረው ጭሰኛ ግን ተነሥቶ ሄደ። ከ1948ቱ ጦርነት በኋላም ባለቤቶቹ ከተሰደዱበት የፍልስጥኤማውያን መንደር መሬት የደረሳቸው ኪቡትዞች አሉ። ይህን ሳያነሡ የኪቡትዝን ታሪክ መጻፍ ግማሹን ብቻ መጻፍ ነው።

በድንበር ላይ የተተከለ መንደር የድንበሩን ዕጣ ይካፈላል። በ1948 የሶርያ ታንኮች እስከ ደጋንያ አጥር ደርሰው ነበር። በጋዛ ወሰን ላይ የሚገኘው ናሐል ዖዝ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ1951 የወታደሮች ጣቢያ ሆኖ ነው የቆመው፤ ወደ ኪቡትዝነት የተለወጠው ኋላ ነው። በጥቅምት 7 ቀን 2023 ሐማስ ጥቃት ሲከፍት በመጀመሪያ ከተመቱት አንዱ እሱ ነበር፤ በኤሪ፣ ክፋር ዓዛና ኒር ዖዝም እንዲሁ። በሌላ በኩል ደግሞ በውስጥ ያለው ኑሮ ከዚያ ቀደም ተለውጦ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ኪቡትዞቹ በዕዳ ተዘፈቁ፤ ከ270 ገደማ ኪቡትዞች አብዛኞቹ እንደየሥራው የሚለያይ ደመወዝ ወደ መክፈል ዞሩ። እናት የሆነችው ደጋንያ ራሷ በ2007 በድምፅ ብልጫ ወሰነችው።

ወደ ኛው አገር እንመለስ። አብሮ መሥራት ለኢትዮጵያ ገበሬ ከውጭ የመጣ ትምህርት አይደለም። ወንፈሉ አለ፤ ዛሬ እኔ ላንተ፣ ነገ አንተ ለኔ። ደቦው አለ፤ ባለቤቱ ጠላውን ጠምቆ፣ ንፍሮውን ቀቅሎ ጎረቤቱን ይጠራል። ነገር ግን ሁለቱም ቢሆኑ ጉልበትን እንጂ ንብረትን አንድ አያደርጉም። አጨዳው ሲያልቅ ሁሉም ወደየጎተራው ነው። ንብረትን አንድ ማድረግን የሚያውቁት ገዳማት ናቸው። አባቶች የገዳምን ኑሮ «አንድነት» እና «ቁሪት» ብለው ይለዩታል። በቁሪቱ መነኩሴው የየራሱን ጥሪት ይዞ ሲኖር፣ በአንድነቱ ገዳም መሬቱም፣ እህሉም፣ ማዕዱም የማኅበር ነው። አንድ መነኩሴ «የኔ» የሚለው ነገር የለውም። ከአውራምባ ብዙ በማይርቀው በጣና ባሕር ዙሪያ እንዲህ ያለው ሥርዐት ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሯል። ታዲያ መነኩሴ ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ንብረትን አንድ ለማድረግ የሚያስቸግረው ደግሞ ዋናው ነገር ይኸው ሚስትና ልጅ ነው።

በዐዋጅ የመጣውን የኅብረት እርሻ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዐዋጅ መሬትን የሕዝብ አደረገ። በ1971 ደግሞ ገበሬው ወደ አምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበር የሚያድግበት መመሪያ ወጣ። ደረጃዎቹ መልባ፣ ወልባና ወላንድ ይባሉ ነበር። በመልባ መሬቱ ይዋሃድና አባሉ ለጓሮው እስከ 2000 ካሬ ሜትር ይተውለታል፤ በሬውም የግሉ ሆኖ ይቆያል። ወልባ ሲደረስ ግን በሬውም ማረሻውም ወደ ማኅበሩ ይገባሉ። በሬውን የሰጠ ገበሬ ምን እንደሚሰማው ከከተማ የመጣው ካድሬ አልገባውም። ለማኅበራቱ ማዳበሪያው በቅናሽ፣ ለም መሬቱ በቅድሚያ ይሰጣቸው ነበርና በግሉ የሚያርሰው ጎረቤት ዐይናቸውን አይወደውም ነበር። በጎጃም የትኖራ የተባለው ማኅበር አርአያ እየተባለ ሲወደስ የኖረ ነው። በየካቲት 1982 መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲውን ሲያውጅ፣ ማኅበራቱ ከፈለጉ ሊፈርሱ እንደሚችሉ ተነገረ። አርአያውም አርአያ ያልሆነውም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሬውን ተከፋፍሎ ተበተነ። በአንዳንድ ቦታማ የጋራ ተብሎ የቆመውን ቤት ቆርቆሮ ሳይቀር ነቅሎ ወሰደው።

እዚህ ላይ የፎገራን ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። በዚያ አካባቢ ጅግናና ሻጋ የተባሉ ሁለት የአምራቾች ማኅበራት ነበሩ። የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ሩዝን ያስለመዱት በእነሱ እርሻ ላይ ነው። ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ሩዙ ግን በየገበሬው ማሳ ገብቶ ቀረ። ክረምት ውኃ የሚተኛበት የፎገራ ሜዳ ዛሬ በሩዝ ይታወቃል። «ኤክስ ጅግና» የሚባለውን የሩዝ ዘር የሚዘራ ወጣት ገበሬ ስሙ የአንድ የፈረሰ ማኅበር መታሰቢያ መሆኑን ሳያውቅ ይሆናል የሚዘራው።

አውራምባ የተነሣችው በዚሁ በፎገራ፣ ነገር ግን ከዐዋጁ በፊት ነው። መሥራቿ አቶ ዙምራ ኑሩ የደቡብ ጎንደር የእስቴ ተወላጅ ናቸው፤ ከሙስሊም ገበሬ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ። እሳቸው በተደጋጋሚ እንዳወጉት ነገሩ የጀመረው በልጅነት ጥያቄ ነው። አባትና እናት አብረው እርሻ ይውላሉ። ማታ አብረው ይገባሉ። አባት ይቀመጣል፤ እናት ግን ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ልጅ ታጠባለች፣ ለአባት እግሩን ታጥባለች፤ ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ አንድ ነገር ከጎደለ ትሰደባለች፣ ትመታለች። ለምን? ሁለተኛው ጥያቄ የሥጋ ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ላይ እያረሱ፣ አንዱ ሌላው ያረደውን ለምን አይበላም? ልጁ መልስ የሚሰጠው አላገኘም። ሰዉ አእምሮው ተነክቷል አለ። ገና በአፍላ ዕድሜው ከቤቱ ወጥቶ የሚመስለውን ሰው ፍለጋ በጎንደርና በጎጃም ተንከራተተ። ጆሮ የሰጡት የፎገራ ጥቂት ገበሬዎች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር በ1964 ማኅበሩ ቆመ።

አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ መሬት ገና አልተነሣም። ማርክስም የለም፤ አገርም፣ ድንበርም የለም። ያለችው ከእርሻ መልስ ወፍጮ ላይ የተደፋች እናት ናት። አውራምባን ከኪቡትዝም ከወልባም የሚለያት ይህ ይመስለኛል። ሌሎቹ ንብረቱን አንድ ካደረግን የሴቲቱ ነገር በኋላ ይመጣል አሉ። እነዚህ የሴቲቱን ነገር አስቀደሙ፤ የንብረቱ ነገር ከዚያ ተከተለ። ሴትና ወንድ በአንድ ሥራ እኩል ከዋሉ ገቢውን እኩል ከመካፈል በቀር ምን ምክንያት ይገኛል?

ከጎረቤት ጋር የገጠማቸው ጠብ ግን ቀላል አልነበረም። ፈጣሪ አለ ብለው ያምናሉ፤ ነገር ግን ጾምና የጸሎት ቤት የላቸውም። በዓል ብለው ሥራ አያቆሙም። ሲሞትባቸው ወዲያው ቀብረው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ እንጂ ሙሾ አያስወርዱም፣ ተዝካር አያወጡም። ሰርግ አይደግሱም። በአማራ ገጠር የአንድ ሰው ማንነት የሚታወቀው በማን ለቅሶ ላይ ተገኘ፣ ማን በሱ ተዝካር በላ በሚለው ነው። ይህን የተወ ሰው ጎረቤቱ ምን ይበለው? በአገርና በአገር መካከል ያልተሠመረ ድንበር በዚህ መንደር ዙሪያ ተሠመረ። እውነቱን ለመናገር ጎረቤቶቹን ብቻ መውቀስም ተገቢ አይደለም፤ ለቅሶ የማይደርስ ሰው ለባላገር እንደ ጠላት ቢታይ አይፈረድም።

የሚያስገርመው ግን የመንግሥት ነገር ነው። አገሪቱን በሙሉ በማኅበር ካላደራጀሁ ሲል የነበረው ደርግ፣ በፈቃዳቸው የተደራጁትን እነዚህን ሰዎች ሊጠብቃቸው አልቻለም። ከተቃዋሚዎች ጋር ታብራላችሁ የሚል ክስ ተነሣባቸው። በ1980ዎቹ መባቻ ሕይወታቸው አደጋ ላይ ሲወድቅ ቀያቸውን ጥለው ከፎገራ እስከ ከፋ፣ ቦንጋ ድረስ ተሰደዱ። ከጣና ዳር ተነሥቶ ቦንጋ መድረስ ማለት አገሪቱን ከሰሜን ወደ ደቡብ ምዕራብ ማቋረጥ ነው። ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1985 ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ ተይዟል። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ የተሰጣቸው 17 ሄክታር ተኩል ነው።

እስቲ እንቁጠረው። መንደሯ ኋላ 400 ያህል ሰው ሲኖርባት 17 ሄክታር ተኩል ለአንድ ሰው ሲካፈል ከ440 ካሬ ሜትር አይበልጥም። አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ 2200 ካሬ ሜትር ያህል ይደርሰዋል ማለት ነው። ደርግ በመልባ ዘመን ለአባሉ «ለጓሮህ» ብሎ የተወለት ማለት ይህን ያህል ነበር። ሌላው ለጎመንና ለጌሾ ባገኘው መሬት እነዚህ ሊኖሩበት ሆነ። በእርሻ መኖር አይቻልም።

ስለዚህ ወደ ሸማ ሥራ ዞሩ። የኛ አገር ሰው የሸማ ሥራን እንዴት ያይ እንደነበር የታወቀ ነው፤ የሠራውን ሸማ ለብሶ ሠሪውን «ቁጢት በጣሽ» ይለዋል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል፤ ስድቡ ግን ዐዋጁን አልሰማም። በዚያ ላይ ሥራው ራሱ በፆታ የተከፈለ ነው። መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ። አውራምባዎች ይህን ሁሉ አንድ ላይ ጣሉት። ሴቷ መወርወሪያዋን ይዛ ከሽመናው ዕቃ ላይ ትቀመጣለች፤ ወንዱ ይፈትላል፣ ያዳውራል፣ እንጀራ ይጋግራል። ነጠላውና ጋቢው፣ የአልጋ ልብሱና ሸሚዙ ለገበያ ይወጣል። ገቢው በዓመቱ መጨረሻ በማኅበሩ አባላት መካከል እኩል ይከፈላል፤ የተማረው ካልተማረው፣ ጉልበታሙ ከደካማው አይለይም። የሥራ ምደባው በችሎታ እንጂ በፆታ አይደለም። የወለደች ሴት የሦስት ወር ዕረፍት አላት። በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራው ሥራ ደግሞ ለችግረኛ መርጃ ይውላል። ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን በአንድ ቤት ሆነው የሚንከባከባቸው ሰው ተመድቦላቸዋል። ለተሰበረው ሙሾና ተዝካር ምትክ ይህን ሰጡ ማለት ይቻላል፤ ለሞተ ከመደገስ በሕይወት ላለው ማብሰል።

ከኪቡትዙ የሚለዩበትንም መናገር ተገቢ ነው። የጋራ ማዕድ የላቸውም። እያንዳንዱ ቤተሰብ በየቤቱ ይበላል፣ ልጆችም ከወላጆቻቸው ጋር ያድራሉ። መንደሩ ውስጥ እየኖረ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አባል ያልሆነም አለ። ጓዳውን አፍርሰው አዳራሽ አላደረጉትም፤ ጓዳው ውስጥ ያለውን ሥራ አከፋፈሉት እንጂ። በየ15 ቀኑ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ተቀምጠው ይነጋገራሉ። ማን ምን አጠፋ፣ ማን ማንን አስቀየመ ይባላል። ልጅ አባቱን ሊወቅስ ይችላል። በባላገር ቤት አባት ሲናገር ልጅ ዐይኑን ወደ መሬት ይሰብር እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ይህ ከሽመናውም የሚበልጥ ነገር ነው። ሴት ልጅ ከ19፣ ወንድ ከ22 ዓመት በፊት አይዳርም። ይህ ደንብ ያለው በልጅነት ጋብቻ በሚታወቅ አካባቢ መካከል መሆኑን እናስታውስ።

ለከተማ ሰው ይህ ሁሉ ተረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን እኛም ሳናስበው የጋራ ኑሮ ውስጥ ገብተናል። እዚህ ቂሊንጦ ከየሰፈሩ ተነሥቶ ወይም በዕጣ ደርሶት በኮንዶሚኒየም ፎቅ ላይ የተገናኘው ሰው በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ በአንድ የውኃ ጋን ይጠብቃል። ንድፉን ያወጡት ሰዎች ለማረጃና ለድግስ የሚሆን የጋራ ቤት በየግቢው ሠርተዋል፤ በአራተኛ ፎቅ በግ ማረድ እንደማይቻል አስበው። የማይተዋወቅ ጎረቤት ቶሎ የሚሰበሰብበት ጉዳይ ቢኖር ዕድር ነው። እኛ በሞት እንሰበሰባለን። የሰውየውን ቀብር ሁላችንም እናውቃለን፤ ታማ ስለተኛችው የሦስተኛ ፎቅ አሮጊት ግን ማን እንጀራ እንደሚጋግርላት አንጠያየቅም። አውራምባ ከዕድር በተቃራኒ ነው የተደራጀችው። ምርጫው ትክክል ነው አልልም፤ ለቅሶ መድረስ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሒሳቡ ያስጨንቃል።

አውራምባን እንደ ገነት የሚጽፉ ጎብኚዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ሥርዐቱ በአንድ ሰው ሐሳብ ላይ የቆመ መሆኑ ግልጽ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ በ2002 ለአቶ ዙምራ የክብር ዶክትሬት ሰጥቷል፤ የሚገባቸው ክብር ነው። ሆኖም መሥራቹ ሲነገር ሌላው ሰው ሁሉ «ማኅበረሰቡ» ተብሎ በጅምላ ያልፋል። ልጅ አባቱን በሚወቅስበት መንደር መሥራቹን የሚወቅስ ልጅ ይኖር ይሆን ወይ የሚለውን ለማወቅ የአንድ ቀን ጉብኝት አይበቃም። የኪቡትዝ ታሪክ የሚያስተምረው ከሆነ ፈተናው በመሥራቾቹ ዘመን አይመጣም። እነሱ መከራውን አብረው ያዩ ናቸው። ፈተናው ትምህርት የቀመሰው ልጅ ዲግሪውን ይዞ ሲመጣ ነው። ሐኪም የሆነ ልጅ ከፈታዩ እኩል ይከፈለዋል? በ17 ሄክታር ተኩል ላይ ተመልሶ የሚገባበትስ ቦታ አለ? ደጋንያ ለዚህ ጥያቄ ከመቶ ዓመት ጥቂት በሚያንስ ጊዜ ውስጥ መልሷን ሰጥታለች። አውራምባ ገና ከዚያ የዕድሜ ግማሽ ብዙም አልራቀችም።

ገቢዋ ደግሞ በጎብኚ ላይ ተደግፎ ቆይቷል። ሸማውን የሚገዛው፣ በእንግዳ ማረፊያው የሚያድረው፣ ለመግቢያ የሚከፍለው ከሩቅ የሚመጣ ሰው ነበር። በ1983 ሰላም መጣ ተብሎ የተከፈተው መንገድ በ2013 በጦርነት ታወከ፤ በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የተቀሰቀሰው ውጊያ ደግሞ ከባሕር ዳር ጎንደር የሚጓዘውን ጎብኚ አስቀረ። በሃይማኖት ድንበር ላይ የኖረች መንደር የጦር መሣሪያ ድንበር ሲመጣ ምን ታደርጋለች? በ1980ዎቹ መባቻ የነበራት መልስ ስደት ነበር። ያኔ ግን ጥቂት ቤተሰቦች ነበሩ፤ የሽመና ዕቃ፣ ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን ቤት ተሸክሞ ወደ ቦንጋ መሄድ አይቻልም።

ከጎረቤት ጋር የነበረው ነገርስ? ጊዜ ብዙውን አለሳልሶታል። ስብከት አይደለም ያለሳለሰው። ማኅበሩ ከሽመናው በተረፈው ገንዘብ የእህል ወፍጮ ተከለ፤ ሱቅም ከፈተ። ወፍጮ ከመምጣቱ በፊት የፎገራ ሴት እንደ ዙምራ እናት በእጇ ነበር የምትፈጨው፤ ወይም እህሉን በጀርባዋ አዝላ ሩቅ ትሄድ ነበር። አሁን ቅርብ ነው። «እነዚያ ሃይማኖት የሌላቸው» ስትል ያደገች የጎረቤት መንደር ሴት ጤፏንና ማሽላዋን ይዛ ትመጣለች፤ ተራዋን ትይዛለች፤ ሞተሩ እየጮኸ የአውራምባዋ ልጅ ከምትመዝንላት ሚዛን ፊት ቆማ ታወራለች። እህሉን ካስፈጨች በኋላ ዱቄቱን አዝላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ ቤት ስትደርስ እንጀራውን የምትጋግረው ግን ያው እሷ ናት።